በሶፋ ስፖንጅ ውስጥ ያለው ኬሚካልና የሴላችን ማጓጓዣ ፕሮቲኖች (የባለሙያ ምላሽ)

ጥያቄ፦ «የምኖረው ሜሪላንድ ነው፤ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። ሶፋችን ከሰው የተገዛ አሮጌ ዕቃ ነው። አንዱ መቀመጫው ተቀዶ ስፖንጁ እየተፈረፈረ ነው። በቅርቡ ‹እሳት እንዳይዛመት የሚጨመሩ ኬሚካሎች የሴልን ማጓጓዣ ፕሮቲኖች ይዘጋሉ› የሚል ጽሑፍ አንብቤ ደነገጥኩ። አብራን የምትኖረው እናቴ ደግሞ ለልቧ ዲጎክሲን ትወስዳለች። ይህ ኬሚካል በእኔ፣ በጽንሱና በእናቴ መድኃኒት ላይ ምን ያደርጋል? ሶፋውን ላስወግደው? ስወልድስ ጡት ማጥባት እችላለሁ?»

ምላሽ፦

ያነበቡት ነገር መሠረት አለው፤ በላቦራቶሪ በተደጋጋሚ ታይቷል። ሆኖም የትኛው ኬሚካል፣ የትኛውን ፕሮቲን፣ በምን ያህል መጠን እንደሚያውክ ሳይነገር በደፈናው ሲጻፍ አንባቢን ከማስደንገጥ ያለፈ ጥቅም የለውም። አጭሩን መልስ ላስቀድም። በእናትዎ ዲጎክሲን ላይ ከሶፋው የሚመጣ ችግር ይኖራል ብዬ አልሰጋም። የጽንሱ ጉዳይ ግን ያሳስበኛል። የሚያሳስበኝም ብዙ የሚወራለት በሴል ሽፋን ላይ ያለው ባዕድ ነገር አስወጪ ፓምፕ አይደለም፤ በደምና በአንጎል ፈሳሽ ውስጥ የታይሮይድ ሆርሞንን የሚሸከመው ፕሮቲን ነው። ሶፋው ከቤት ቢወጣ ይሻላል። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስለ ኬሚካሎቹ ጥቂት ልበል። አሜሪካ ውስጥ በተሠሩ አሮጌ ሶፋዎች ስፖንጅ ውስጥ በብዛት የሚገኙት ፖሊብሮሚኔትድ ዳይፈኒል ኢተር የሚባሉ ብሮሚን ያዘሉ ውህዶች ናቸው፤ በአጭሩ ፒቢዲኢ ይባላሉ። የካሊፎርኒያ ግዛት በ1975 ያወጣው ቴክኒካል ቡለቲን 117 የተባለ ደንብ፣ የሶፋ ስፖንጅ ለ12 ሰከንድ ትንሽ ነበልባል ሲነካው መቋቋም እንዲችል ያስገድድ ነበር። አምራቾች ለአንድ ግዛት ብቻ ለይተው ከመሥራት ለመላ አገሪቱ አንድ ዓይነት ሶፋ ማምረቱን ስለመረጡ፣ ኬሚካሉ ከካሊፎርኒያ ውጪም በየሳሎኑ ገባ። ከስፖንጁ ጋር በኬሚካዊ ትስስር አልተያያዘም፤ ተቀላቅሎ ብቻ ነው ያለው። ስለዚህ ስፖንጁ ሲያረጅና ሲፈረፈር እየወጣ ከቤት አቧራ ጋር ይቀላቀላል፤ ከአቧራው ወደ እጅ፣ ከእጅ ወደ አፍ ይሄዳል። ለስፖንጅ ይውል የነበረው ድብልቅ በአሜሪካ መመረት ያቆመው በ2004 መጨረሻ ሲሆን፣ በ2009 ደግሞ በስቶክሆልም ስምምነት ዓለም አቀፍ እገዳ ከሚጣልባቸው ኬሚካሎች ዝርዝር ውስጥ ገብቷል። የእርስዎ ሶፋ ከ2005 በፊት የተሠራ ከሆነ ይህ ኬሚካል በውስጡ ሊኖር ይችላል ብሎ ማሰቡ ተገቢ ነው።

አሁን ወደ ፕሮቲኖቹ እንምጣ። ጽሑፎቹ ደጋግመው የሚያነሡት ፒ-ግላይኮፕሮቲን የሚባለውን ነው። ይህ ፕሮቲን በ1976 መድኃኒት በተላመዱ የሃምስተር ሴሎች ላይ የታወቀ ሲሆን፣ በአንጀት፣ በጉበት፣ በኩላሊት፣ በእንግዴ ልጅና ከሁሉም በላይ በአንጎል የደም ሥሮች ግድግዳ ላይ ይገኛል። በር ላይ እንደቆመ ዘበኛ ነው፤ ወደ ሴሉ ሊገባ የሚሞክረውን ባዕድ ነገር የሴሉን ጉልበት ተጠቅሞ መልሶ ወደ ውጭ ያስወጣል። የሚያስወጣቸው ነገሮች በቅርጽም በዓይነትም የማይመሳሰሉ መሆናቸው እስከ ዛሬ ተመራማሪዎችን ያስደንቃል።

ይህ ፕሮቲን ባይኖር ምን ይሆናል? መልሱን በደንብ ያሳየው አምስተርዳም ላይ ተሠርቶ በ1994 የታተመ ሥራ ነው። ተመራማሪዎቹ ፒ-ግላይኮፕሮቲን የሚያሠራው ዘረ መል (ጂን) የተቋረጠባቸው አይጦች አርብተው ነበር። አይጦቹ ያለ ችግር ያድጉ፣ ይራቡም ነበር። ከዚያ በእንስሳት ማቆያው ውስጥ የቆዳ ተባይ ታየና እንደ ተለመደው አይቨርሜክቲን ተረጨ። ጤነኞቹ አይጦች ምንም አልሆኑም፤ ፕሮቲኑ የሌላቸው ግን አብዛኞቹ ሞቱ። ሲመረመር መድኃኒቱ አንጎላቸው ውስጥ ከጤነኞቹ ወደ 90 እጥፍ ገደማ በልጦ ተገኘ። አይቨርሜክቲን ሜክቲዛን በሚል ስሙ በኢትዮጵያ ደቡብ ምዕራብ አካባቢዎች ኦንኮሰርካያሲስን (ዓይን የሚያሳውረውን የትል በሽታ) ለመከላከል ለሕዝብ በዘመቻ የሚታደለው መድኃኒት ነው። ሚሊዮኖች ያለ ሥጋት የሚውጡት በአንጎል በር ላይ ይህ ፕሮቲን ስላለ ነው። ስለዚህ «ፕሮቲኑን የሚያውክ ኬሚካል» የሚል ነገር ሲሰማ አንድ የመርዝ ጥናት ባለሙያ ጆሮውን ማቅናቱ ትክክል ነው።

በ2016 የወጣ ጥናት ነው ነገሩን ወደ እሳት መከላከያዎቹ ያመጣው። በካሊፎርኒያ የስክሪፕስ የውቅያኖስ ጥናት ተቋም ተመራማሪዎችና ባልደረቦቻቸው ቱና ዓሣ ውስጥ የሚገኙ ዘላቂ በካዮችን (ቶሎ የማይበሰብሱ መርዛማ ኬሚካሎችን) ወስደው በፒ-ግላይኮፕሮቲን ላይ ሞከሩ። አሥሩ ፕሮቲኑን አወኩት፤ ከነዚህም መካከል እንደ ዲዲቲ ያሉ አሮጌ ፀረ ተባዮችና አንዳንድ ፒቢዲኢዎች ይገኙበታል። ቡድኑ ቀጥሎ አንዱን፣ ፒቢዲኢ-100ን (ቁጥሩ የፒቢዲኢውን ዓይነት ይለያል)፣ ከአይጥ ፒ-ግላይኮፕሮቲን ጋር በክሪስታል አስተሳስሮ በኤክስሬይ አየው። ኬሚካሉ ፕሮቲኑ የሚያስወጣቸውን ነገሮች በሚይዝበት ክፍተት ውስጥ ተሰክቶ ተገኘ። የአይጡ ፕሮቲን ከሰው ጋር እጅግ ተቀራራቢ ነው። እርስዎ ያነበቡት ጽሑፍ ምናልባት ከዚህ ሥራ የተቀዳ ይመስለኛል። ሥራው ጥሩ ሥራ ነው፤ አከብረዋለሁ።

ጥያቄው ግን መጠኑ ነው፤ እዚህ ላይ አብረን ብናሰላ ደስ ይለኛል። የአሜሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል በ2003 እና በ2004 ከመላ አገሪቱ ባሰባሰበው የደም ናሙና ውስጥ በብዛት የተገኘው ፒቢዲኢ-47 ሲሆን፣ አማካይ መጠኑ በአንድ ግራም የደም ስብ 20.5 ናኖግራም ነበር። ይህ እንግዲህ ኬሚካሉ በየሶፋው ውስጥ በነበረበት ዘመን የተለካ ነው። በአንድ ሊትር የደም ውሃ ውስጥ 6 ግራም ያህል ስብ አለ፤ ሲባዛ በሊትር 123 ናኖግራም ይመጣል። የሞለኪዩሉ ክብደት 486 ስለሆነ፣ ለዚህ ሲካፈል 0.25 ናኖሞላር እናገኛለን፤ ሞላር በአንድ ሊትር ውስጥ ያሉ ሞለኪዩሎች ብዛት የሚለካበት ነው። ፒ-ግላይኮፕሮቲንን በላቦራቶሪ ለማወክ የሚያስፈልገው መጠን በማይክሮሞላር የሚለካ ነው፤ አንድ ማይክሮሞላር ደግሞ 1,000 ናኖሞላር ነው። በሰው ደም ውስጥ ያለው ከአንድ ማይክሮሞላር 4,000 ጊዜ ያነሰ ነው ማለት ነው። በደሙ ውስጥ ከአማካዩ መቶ እጥፍ ያለው ሰው ቢገኝ እንኳ ገና ብዙ ይቀረዋል።

አንድ ብልህ ተከራካሪ እዚህ ላይ ሊያስቆመኝ ይችላል፤ ልክም ይሆናል። ፒቢዲኢ ስብ ወዳድ ነው፤ ከውሃ ይልቅ በስብ ውስጥ ከሚሊዮን ጊዜ በላይ ይከማቻል። ፒ-ግላይኮፕሮቲን ደግሞ የሚያስወጣውን ነገር በአብዛኛው የሚይዘው ከራሱ ከሴሉ ሽፋን ውስጥ ነው፤ ሽፋኑም ስብ ነው። ስለዚህ የደሙ መጠን ብቻ ታይቶ ፍርድ መስጠት አይቻልም። በተጨማሪ፣ አንድ ክፍተት ውስጥ የሚሰኩ ብዙ ኬሚካሎች አብረው ሲኖሩ ውጤታቸው ይደመራል፤ ማንም ሰው ደግሞ አንድ ኬሚካል ብቻ ተሸክሞ አይዞርም። ይህን ሁሉ ተቀብዬም የአራት ሺህ ጊዜ ልዩነት ትንሽ አይደለም እላለሁ፤ በላቦራቶሪው ሙከራ ውስጥም ሽፋን አለና ኬሚካሉ እዚያም እንዲሁ ይከማቻል።

ስለ እናትዎ እንግዲህ። ዲጎክሲን ከአንጀትና ከኩላሊት የሚወጣው በፒ-ግላይኮፕሮቲን ስለሆነ ጥያቄዎ ከልብ የመነጨና ትክክለኛ ነው። መድኃኒቱ በሚያድነውና በሚጎዳው መጠን መካከል ያለው ክፍተት ጠባብ ነው፤ ለልብ ድካም በአንድ ሚሊሊትር ደም ከ0.5 እስከ 0.9 ናኖግራም እንዲሆን ይፈለጋል። ነገር ግን ይህን ሚዛን የሚያዛባው የሶፋው አቧራ አይደለም። የሚያዛቡት ፕሮቲኑን በሕክምና መጠን የሚያውኩ ሌሎች መድኃኒቶች ናቸው፦ ቬራፓሚል፣ አሚዮዳሮን፣ ኪኒዲን፣ እንዲሁም ለጉሮሮና ለሳንባ ኢንፌክሽን ወይም ለጨጓራ ባክቴሪያ በብዛት የሚታዘዘው ክላሪትሮማይሲን። በ2003 ከካናዳ የወጣ ጥናት፣ በዲጎክሲን መመረዝ ሆስፒታል የገቡ አረጋውያን በቀደመው ሳምንት ክላሪትሮማይሲን የመውሰዳቸው ዕድል 12 እጥፍ ገደማ እንደነበር አሳይቷል። እናትዎ የጨጓራ ሕክምና ቢጀመርላቸው ዲጎክሲን እንደሚወስዱ ለሐኪሙም ለመድኃኒት ባለሙያውም አስቀድመው ይንገሩልኝ። ማቅለሽለሽ፣ የምግብ ፍላጎት መጥፋት፣ የዕይታ መደብዘዝ ወይም ነገር ሁሉ ቢጫ ሆኖ መታየት፣ የልብ ምት መዘግየት ከታየባቸው ቀጠሮ ሳይጠብቁ ይውሰዷቸው።

ወደሚያሳስበኝ ልመለስ። ዋናው የታይሮይድ ሆርሞን፣ ቲ4 የሚባለው፣ ሁለት የካርቦን ቀለበቶች በአንድ ኦክስጅን ተያይዘው አራት አዮዲን የተሸከሙ ሞለኪዩል ነው። ፒቢዲኢ-47 ሁለት ቀለበቶች በአንድ ኦክስጅን ተያይዘው አራት ብሮሚን የተሸከሙ ሞለኪዩል ነው። አዮዲንና ብሮሚን በኬሚካዊ ሠንጠረዥ ላይ ጎረቤቶች ናቸው። ኬሚካሉ ጉበት ሲደርስ ደግሞ መመሳሰሉ ይጨምራል። ወደ ጉበት ሴል የሚያስገቡት ራሳቸው ማጓጓዣ ፕሮቲኖች ናቸው፤ ኦኤቲፒ የሚባሉት በሰው ጉበት ላይ ያሉ ፕሮቲኖች ፒቢዲኢ-47ን፣ 99ንና 153ን ወደ ውስጥ እንደሚያስገቡ በ2010 ታይቷል። ከገባ በኋላ የጉበት ኢንዛይሞች ሊያስወግዱት ሲሞክሩ የኦክስጅንና የሃይድሮጅን ጥንድ ይለጥፉበታል። ቲ4 ላይም እንዲህ ያለ ጥንድ አለ። ውጤቱ ከበፊቱ ይበልጥ ሆርሞኑን የሚመስል ነገር ነው።

ይህ የተለወጠው ኬሚካል ትራንስታይሬቲን የተባለውን የቲ4 ተሸካሚ ፕሮቲን አጥብቆ ይይዛል። በ2000 ከኔዘርላንድስ የወጣ ሥራ ደግሞ ቴትራብሮሞቢስፌኖል-ኤ የተባለው፣ በኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳዎች ውስጥ የሚገባው እሳት ተከላካይ፣ ይህን ፕሮቲን በመያዝ ራሱን ሆርሞኑን እስከ አሥር እጥፍ እንደሚበልጠው አሳይቷል። ይሄኛው ግን በሰው አካል ውስጥ የሚቆየው ለጥቂት ቀናት ነው፤ ፒቢዲኢ-153 ግማሹ እስኪወጣ ዓመታት ይፈጃል።

በአዋቂ ሰው ደም ውስጥ ይህ ብዙ አይጎዳም። ሦስት አራተኛ የሚሆነውን ቲ4 የሚሸከመው ሌላ ፕሮቲን ነው፤ የትራንስታይሬቲን ድርሻ ከ15 እስከ 20 በመቶ ቢሆን ነው። ከዚያም በላይ ትራንስታይሬቲን በደም ውስጥ የተትረፈረፈ ስለሆነ ጥቂት ባዕድ ሞለኪዩሎች ቢይዙት ሆርሞኑ ቦታ አያጣም። አንጎልን በከበበው ፈሳሽ ውስጥ ግን ነገሩ ይለወጣል፤ እዚያ ዋናው የቲ4 ተሸካሚ ትራንስታይሬቲን ነው። የእንግዴ ልጅም ይህን ፕሮቲን ራሱ ይሠራል፤ ከእናት ወደ ጽንስ በሚደረገው የሆርሞን ጉዞ ውስጥም ድርሻ አለው። ጽንስ በመጀመሪያዎቹ ወራት ሙሉ በሙሉ የሚኖረው በእናቱ ቲ4 ነው። የራሱ ታይሮይድ በ12ኛው ሳምንት አካባቢ መሥራት ቢጀምርም እስከ አምስተኛው ወር ድረስ በቂ አያመርትም። የአንጎል ሴሎች ወደየቦታቸው የሚጓዙትና እርስ በርስ የሚያያዙት በዚህ ጊዜ ነው።

ጉዳዩ ከላቦራቶሪ ወጥቶ በሕፃናት ላይም ተጠንቷል። በኒው ዮርክ ከተማ በ2010 በታተመ ጥናት፣ በእትብታቸው ደም ውስጥ ከፍ ያለ ፒቢዲኢ የነበረባቸው ልጆች በዕድገት ፈተናዎች ዝቅ ያለ ውጤት አምጥተዋል። በካሊፎርኒያ የእርሻ ሠራተኛ ቤተሰቦች መካከል በተደረገውና በ2013 በወጣው ጥናትም ትኩረት፣ የእጅ ቅልጥፍናና የአእምሮ ብቃት ልኬት ላይ ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። በ2017 ጥናቶቹን ያጠቃለለ ሥራ፣ በእናት ደም ያለው ፒቢዲኢ አሥር እጥፍ ሲጨምር የልጁ የአእምሮ ብቃት ልኬት በ3.7 ነጥብ እንደሚቀንስ ገምቷል። አሥር እጥፍ የሚለውን ልብ ይበሉ። እነዚህ ጥናቶች ዝምድናን እንጂ የመጎዳቱን መንገድ አያሳዩም፤ ትራንስታይሬቲን ከሚጠረጠሩት መንገዶች አንዱ ብቻ ነው። ሌሎችም አሉ። ቴትራብሮሞቢስፌኖል-ኤ በሴል ውስጥ ካልሲየምን ወደ ማከማቻው የሚመልሰውን ፓምፕ ያውካል፤ በአይጥ የነርቭ ጫፎች ላይ በተደረጉ ሙከራዎችም ዶፓሚን የሚያጓጉዙ ፕሮቲኖች በእነዚህ ኬሚካሎች ተስተጓጉለዋል። መጠኖቹ እዚህም ከፍ ያሉ ስለሆኑ አልዘገይባቸውም።

እንግዲህ ሶፋው። ከመቀመጫው ሥር ወይም ከትራሱ ጠርዝ የተሰፋ ነጭ መለያ ጨርቅ ይፈልጉ። ቴክኒካል ቡለቲን 117 የሚል ብቻ ከተጻፈበት ኬሚካል ሊኖረው ይችላል። ከቁጥሩ ቀጥሎ 2013 የሚል ካለ በተሻሻለው ደንብ የተሠራ ነው፤ ይህ ደንብ የጨርቁን በቀስታ የመንደድ ጠባይ ስለሚፈትሽ ያለ ኬሚካል ይታለፋል። ከ2015 ወዲህ በካሊፎርኒያ የሚሸጡ ሶፋዎች እሳት ተከላካይ ኬሚካል እንዳለባቸው ወይም እንደሌለባቸው በመለያቸው ላይ ምልክት ማድረግ ግዴታቸው ነው። ብዙ አምራቾች ይኸው መለያ ያለበትን ዕቃ በሌሎች ግዛቶችም ይሸጣሉ። አዲስ ሲገዙ «አልተጨመረበትም» ከሚለው ጎን ምልክቱ መኖሩን ያረጋግጡ።

አሮጌውን ሶፋ ራስዎ አይሸከሙት፤ ስፖንጁንም ለማውጣት ወይም አዲስ ልባስ ለማልበስ አይክፈቱት፤ አቧራው የሚነሣው ያኔ ነው። ሌላ ሰው ያውጣው፤ እርስዎ በዚያ ሰዓት ከቤት ይራቁ። እባክዎ ለሌላ ቤተሰብ አይስጡት። ከዕቃ ጋር ወደ አገር ቤት ለመላክም አያስቡ፤ ኢትዮጵያ ከ2003 ጀምሮ የስቶክሆልም ስምምነት አባል ናት፣ እዚያ የሚቀመጥበት ሰውም እንደ እርስዎ ልጆች አሉት። በዚህ ወር መግዛት የማይቻል ከሆነ የተቀደደውን ክፍል ጥቅጥቅ ባለ ጨርቅ አጥብቆ ሰፍቶ መሸፈን ብዙ ይረዳል።

ከሶፋው እኩል የምመክረው እጅ መታጠብን ነው። ኬሚካሉ ወደ ሰውነት የሚገባበት ዋናው መንገድ አቧራ የነካ እጅ ነው፤ እኛ ደግሞ እንጀራ በእጃችን የምንበላ ሕዝቦች ነን። ከማዕድ በፊት በሳሙና በደንብ መታጠብ፣ ወለሉን በደረቅ መጥረጊያ ከመጥረግ ይልቅ በእርጥብ ጨርቅ መወልወል፣ የቤቱን አቧራ መምጠጫ ማሽን ደቃቅ ብናኝ የሚይዝ ሄፓ ማጣሪያ ያለው ማድረግ ይበቃል። ልጅዎ መዳህ ሲጀምር እጁን ቶሎ ቶሎ ማጠብ ይኖርብዎታል፤ ሕፃናት በደማቸው ያለው መጠን ከእናቶቻቸው በልጦ የሚገኘው ወለል ላይ ስለሚውሉና እጃቸውን ስለሚጠቡ ነው።

ሌላው አዮዲን ነው፤ በጥያቄዎ ባያነሡትም አልፈውም። አዮዲን ያነሰው ታይሮይድ ለማንኛውም እንዲህ ላለ መስተጓጎል ይበልጥ የተጋለጠ ነው። እንቅርት በብዙ የኢትዮጵያ አካባቢዎች የተለመደ ነበር፤ ጨው በአዮዲን እንዲበለጽግ በሕግ የተደነገገው በ2011 ነው። አሜሪካ ውስጥ በተዘጋጁ ምግቦች ውስጥ የሚገባው ጨው በአብዛኛው አዮዲን የለውም፤ የእርግዝና ቫይታሚኖችም ሁሉም አዮዲን አይዙም። የአሜሪካ የታይሮይድ ማኅበር ለነፍሰ ጡሮችና ለሚያጠቡ እናቶች በቀን 150 ማይክሮግራም አዮዲን ያለበት ቫይታሚን ይመክራል። የእርስዎን ብልቃጥ ገልብጠው ያንብቡ። ከዚህ በፊት የታይሮይድ ችግር ከነበረብዎ ወይም በቤተሰብዎ ካለ ግን ከመውሰድዎ በፊት ለሐኪምዎ ይንገሩ፤ የታይሮይድ ምርመራ እንዲደረግልዎም ይጠይቁ። የደም ፒቢዲኢ ምርመራ ግን አያስፈልግዎትም፤ ውጤቱ ሕክምናዎን አይለውጥም።

ስለ ጡት ማጥባት የጠየቁት ተገቢ ነው፤ ኬሚካሉ በጡት ወተት ውስጥ ይገኛልና። ዓለም ስለ ፒቢዲኢ የነቃውም በዚሁ ነው፦ ስዊድን ውስጥ ከ1972 እስከ 1997 የተቀመጡ የእናት ወተት ናሙናዎች ሲመረመሩ መጠኑ በየአምስት ዓመቱ በእጥፍ ሲያድግ ተገኘ። ኬሚካሉ ከገበያ ሲወጣ መጠኑ መውረድ ጀመረ። ሆኖም በአንጎል ዕድገት ረገድ ጽንሱ በማኅፀን ሳለ የሚደርሰው ነገር ይበልጥ ያሳስባል፤ የጡት ወተት ለልጁ የሚሰጠው ጥቅም ደግሞ ከዚህ ሥጋት በእጅጉ ይበልጣል። የዓለም ጤና ድርጅት እስከ ስድስት ወር የጡት ወተት ብቻ፣ ከዚያም ከተጨማሪ ምግብ ጋር እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ ይላል። በእርስዎ ሁኔታ ይህን ምክር የምለውጥበት ምንም ምክንያት የለኝም። ጡት ያጥቡ።